የመቁያው በር

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው የለም። ትርጓሜውም ግልጽ ነው፤ እሳት ገና ሳይበረታ በእርጥብ ቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል፥ ከበረታ በኋላ ግን የአገር ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ አይበቃም ማለት ነው። ይህን ተረት ሁሉም በአፉ ይናገረዋል፤ በእጁ የሚሠራበት ግን ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ከተማ በአንዲት አነስተኛ ቡና መቁያ ቤት ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌም ተረቱን ከአፋቸው ወደ እጃቸው ለማውረድ ብዙ ዘመንና አንድ ክፉ ቀን አስፈልጓቸዋል። የዚያ ቀን ነገር በእሳት አጠገብ ለሚሠራ ሁሉ ይጠቅማልና እንደሚከተለው ተጽፏል።

ሽማግሌው ቡና መቁላትን መጀመሪያ ያዩት በእናታቸው ምድጃ አጠገብ ነው። እናታቸው ጥሬውን ቡና አጥበው በብረት ምጣድ ላይ ያፈሱትና በከሰል እሳት ላይ ጥደው እያመሱ ይቆሉት ነበር። ፍሬው አረንጓዴነቱን ትቶ ቢጫ ይሆናል፤ ከቢጫው ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ቀጥሎም ይንጣጣል፥ ወዙም ይወጣል። ጢሱ በበዛ ጊዜ እናቲቱ ምጣዱን ከከሰሉ ላይ ብድግ አድርገው እንግዶቹ ሽታውን እንዲያጣጥሙ በፊታቸው ያዞሩታል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። እሳቱም ቡናውም በዓይን ፊት ናቸውና የሚሰወር ነገር የለም፤ ክፉ ነገር ቢመጣም ምጣዱን ማንሣት ይበቃል።

መኪናው ግን ሌላ ነው። በየመቁያ ቤቱ የሚታየው የቡና መቁያ መኪና በአጭሩ ሲነገር እንደ ከበሮ በአግድሙ የተኛ የብረት በርሜል ነው። በርሜሉ በኤሌክትሪክ ኃይል ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ከሥሩም የጋዝ እሳት ይነድዳል። ማራገቢያው ትኩሱን አየር በበርሜሉ ውስጥ እየሳበ ጢሱን በቧንቧ ወደ ውጭ ያወጣል። በፊቱም አንዲት ትንሽ የመስተዋት መስኮትና አንድ የብረት በር አሉት። ቡናው በበሰለ ጊዜ በሩ ሲከፈት ፍሬው ሁሉ እየተንሿሿ እንደ ሰፌድ ክብ ወደ ሆነው ማቀዝቀዣ ይወርዳል። ማቀዝቀዣውም ሥሩ የተበሳሳ ስለ ሆነ ከታቹ ያለው ማራገቢያ የቤቱን አየር በፍሬው መካከል እየሳበ ያበርደዋል።

ይህ በር ለአንባቢ ቀላል ነገር አይምሰለው። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ በበርሜል ቡና የሚቆሉ ሰዎች በርሜሉን ከእሳቱ ላይ በጉልበት ሳያነሡ ቡናቸውን ማውጣት አይችሉም ነበር፤ እነርሱ ከብረቱ ጋር ሲታገሉም ቡናው ያርርባቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1864 ዓመት ግን ጄበዝ በርንስ የሚባል ሰው በኒው ዮርክ ከተማ አዲስ ዓይነት መቁያ አውጥቶ የፈጠራ መብት ተቀበለ። በእርሱ መኪና በርሜሉ ከእሳቱ ላይ ሳይነሣ ቡናው በበሩ በኩል በራሱ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ ቡና የሚቆላ ሰው እናቲቱ ምጣዷን በማንሣት ታደርገው የነበረውን በሩን በመክፈት ያደርገዋል። እንግዲህ በሩ የቡናው መዳኛ ነው፤ ዳሩ ግን መዳኛነቱ ሁልጊዜ አይደለም። የዚህ ታሪክ ነገርም በዚህ ላይ ነው።

መኪናው እሳት እንዴት እንደሚይዝ ለመረዳት የቡናውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከመቶው 10 እስከ 12 እጅ ያህል ውሃ ነው። በመቁያው ውስጥ በመጀመሪያ ይህ ውሃ ይወጣል። የፍሬው ሙቀት 196 ዲግሪ ሴንቲግራድ ያህል ሲደርስ ቡናው እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል፤ 224 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ደግሞ ቀጠን ባለ ድምፅ ሁለተኛ ጊዜ ይንጣጣል፥ ቅባቱም ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ፍሬው ሙቀት መቀበል ብቻ ሳይሆን ከራሱም ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ከሥሩ ያለው እሳት ቢዘጋ እንኳ ቡናው ወዲያውኑ አይበርድም። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ወደ ከሰልነት የሚወስድ ነው፤ ከሰል ደግሞ መንደድ ጠባዩ ነው።

ሁለተኛው ነገር ገለፈቱ ነው። በጥሬው ፍሬ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ገለፈት አለ። ቡናው ሲቆላ ይህ ገለፈት እየተላጠ በአየሩ ተስቦ ይሄድና ከመኪናው ኋላ ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይከማቻል። እንደ ሐረር ቡና ከነሥጋው በፀሐይ የደረቀ ቡና ከታጠበው ይልቅ ገለፈቱ የበዛ ነው። ገለፈት ደረቅና ቀላል ስለ ሆነ ከጭድ ይልቅ ፈጥኖ ይቀጣጠላል። ጢሱም በቧንቧው ውስጥ ሲያልፍ እየቀዘቀዘ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ቅባት በግድግዳው ላይ ይተዋል። ማጠራቀሚያው በየቀኑ ካልተራገፈና ቧንቧው በየጊዜው ካልተፋቀ፥ የመቁያው ባለቤት ሳያውቀው በቤቱ ጣራ ሥር የማገዶ ክምር አስቀምጧል ማለት ነው። ያን ክምር ለማንደድ ከበርሜሉ የምታመልጥ አንዲት ፍም ትበቃለች።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ አጥርተው ያውቁ ነበር። በእርሳቸው ሥር አንድ ጎልማሳ ያልሞላው ልጅ ለሥራው ይለማመድ ነበር። ልጁ ጭምት፥ የተነገረውን የማይረሳ ነበረ። ሽማግሌውም እንደ ልጃቸው ያዩት ነበርና ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩት የመብራት መጥፋትን ነገር ነው። በከተማው መብራት በድንገት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ በርሜሉ ይቆማል፤ ቡናው በጋለው ብረት ላይ ይተኛል፤ ሳይገላበጥም ስለሚቀር ከሥር በኩል ማረር ይጀምራል፥ ብዙ ከቆየም ይነድዳል።

«ልጄ» አሉት፤ «መብራት ከጠፋ ሦስት ነገር አድርግ። ጋዙን ዝጋ፤ በሩን ክፈት፤ የእጅ ማዞሪያውን ይዘህ ቡናው ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ በርሜሉን አዙር። አትዘግይ፤ በሩ ያድንሃል።»

ልጁም ትምህርቱን በልቡ ያዘው። ጥቂት ቀን ቆይቶም መብራት በእርግጥ ጠፋ። ልጁ ሳይደነግጥ ጋዙን ዘጋ፤ በሩን ከፈተ፤ ማዞሪያውንም አዞረ። 15 ኪሎው ቡና ሳያርር ወረደ። ሽማግሌውም ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ተባረክ፤ አሁን ቡና ቆላህ» አሉት። ልጁ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ መሬት የሚረግጥ አይመስልም ነበር።

ነገር ግን ሽማግሌው ያላስተማሩት ሌላ ትምህርት ነበር። ይኸውም መብራት ሳይጠፋ፥ በርሜሉም እየዞረ ሳለ፥ ቡናው ራሱ በውስጡ እሳት ቢይዝ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ዛሬ ነገ እያሉ አልፈውታል። ያለፉበትንም ምክንያት ከራሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ የበዓል ሰሞን የቡና ትእዛዝ በዛ። መኪናው ከጧት እስከ ማታ አላርፍ አለ። የመጣውም ቡና በፀሐይ የደረቀ፥ ገለፈቱ የበዛ ነበረ። በማክሰኞ ምሽት ልጁ «ጋሼ፥ ማጠራቀሚያውን ላራግፈው?» ብሎ ጠየቀ። ማጠራቀሚያውን ለማራገፍ መኪናውን አቁሞ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልግ ነበርና ሽማግሌው ሰዓታቸውን አይተው «ነገ» አሉ። በረቡዕም ጠየቀ፤ «ነገ» አሉ። በሐሙስ ልጁ መጠየቁን ተወ።

በዓርብ ከቀትር በኋላ ለአንድ ቡና ቤት የሚሄድ፥ ጠቆር ብሎ እንዲቆላ የታዘዘ ቡና በበርሜሉ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው አንድ ጆንያ ለማስመዘን ወደ ውጭ በር ወጣ ብለው ነበርና ልጁ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃል። ሁለተኛው መንጣጣት ተጀመረ። ልጁ እንደ ተማረው እሳቱን ቀነሰ፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ ግን አልቀነሰም፥ እንዲያውም ፈጥኖ ወጣ። ጢሱ ከነጭነት ወደ ቢጫነት ተለወጠ፤ ሽታውም የቡና ሽታ መሆኑ ቀረና እንደሚነድድ ጨርቅ ሆነ። ልጁ ጎንበስ ብሎ በመስተዋቱ መስኮት ቢያይ በውስጡ ቀይ ብርሃን ሲዞር አየ።

«ጋሼ! እሳት!» ብሎ ጮኸ፤ እጁንም ወደ በሩ እጀታ ሰደደ።

ሽማግሌው እንደ ወጣት ሮጠው ደረሱና የልጁን አንጓ ጨምድደው ያዙ። «አትክፈት!» አሉት።

ልጁ በድንጋጤ ዓይኑ ፈጦ «ጋሼ፥ እርስዎ አይደሉም እንዴ በሩ ያድንሃል ያሉኝ?» አለ።

ይህ ቃል እንደ ጦር ወጋቸው፤ መልስ የሚሰጡበት ጊዜ ግን አልነበረም። ጋዙን ዘጉ። ቀጥለው አየር የሚስበውን ማራገቢያ አጠፉ፤ የአየሩን መተላለፊያ መዝጊያም ገፍተው ዘጉ። በርሜሉን ግን እንዲዞር ተዉት። ከዚያ በኋላ «ውጣ፤ ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች ሁሉ አስወጣ፤ በጓሮ ያለውን የጋዝ ሲሊንደር ዝጋ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችንም ጥራ» ብለው ልጁን ላኩት። ልጁም እየሮጠ ሄደ።

እዚህ ላይ አንባቢ፥ ሽማግሌው ስለ ምን እንዲህ አደረጉ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እሳት የሚኖረው በሦስት ነገር ነው፤ በሚነድድ ነገር፥ በሙቀትና በአየር። በበርሜሉ ውስጥ የሚነድደው ቡና አለ፤ ሙቀቱም አለ፤ ከሦስቱ በሰው እጅ ያለው አየሩ ብቻ ነው። በሩ ቢከፈት አየር በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ታፍኖ የቆየው ትኩስ ጢስም ነበልባል ሆኖ በከፈተው ሰው ፊት ላይ ይወጣል። የሚነድደው ቡና ወደ ማቀዝቀዣው ቢወርድ ደግሞ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ሆኖ እሳቱን ያቀጣጥለዋል፤ በወፍራም ብረት ተከብቦ የነበረው እሳትም በቤቱ መካከል ይበተናል። ስለዚህ በሩን ዘግቶ እሳቱን ማስራብ ይሻላል። በርሜሉም እንዲዞር መተዉ ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ቡናው በአንድ ስፍራ ተከምሮ እንዳይግል ነው፤ ሁለተኛውም የጋለው ብረት ቆሞ እንዳይጣመምና እንዳይጣበቅ ነው።

ውሃ ስለ ምን አልደፉበትም የሚልም ይኖር ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር የሚበልጥ ስፍራ ይይዛል። ይህ እንፋሎት በተዘጋ የጋለ በርሜል ውስጥ በድንገት ቢነሣ መውጫ ፍለጋ ያገኘውን ሰው ይቀቅላል። ትልልቆቹ መኪናዎች ለዚህ ሲባል የተሠራ፥ ውሃን በልክ የሚረጭ ቧንቧ አላቸው፤ ይህ በሌለው ትንሽ መኪና ላይ ግን በባልዲ መድፋት አደጋ ነው። ውሃም ሆነ እሳት ማጥፊያ የሚያስፈልገው ከመኪናው አምልጦ ለወጣው እሳት ነው፤ ያም ቢሆን ውሃው የኤሌክትሪኩን ሞተር እንዳይነካ ተጠንቅቆ ነው። እሳቱ ከመኪናው ወጥቶ ወደ ቤቱ ከተዛመተ ግን ሥራው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ሁሉን ትቶ መውጣት ነው። መኪና ይገዛል፤ ሰው አይገዛም።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ወደ ውጩ በር ሄደው የመለኪያው መርፌ በሚታያቸው ስፍራ ቆሙ። ማራገቢያው ስለ ቆመ ጢሱ በየስንጥቁ ወደ ቤቱ ይወጣ ነበር። በታፈነ እሳት ጢስ ውስጥ ደግሞ መልክም ሽታም የሌለው፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር አለና በመኪናው አጠገብ መቆም አይገባም። መርፌው ወጣ። ጥቂት ቆሞ እንደ ገና ወጣ። ከጣራው በላይም ከቧንቧው ጥቁር ጢስ ታየ። ሽማግሌው የሦስት ቀኑ ገለፈት በዚያ መንገድ ላይ ተከምሮ እንዳለ ያውቃሉና ጉልበታቸው ከዳቸው።

ሰው ምንም ባለማድረግ የሚያደርገውን ነገር ያህል የሚከብድ ሥራ የለም። እጅ መሥራት ይፈልጋል፤ እግር መሮጥ ይፈልጋል፤ ልብ «ክፈትና እይ፥ ምናልባት ጠፍቶ ይሆናል» ይላል። ሽማግሌውም ያን ድምፅ ያውቁት ነበር፤ በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ሰምተውታልና። በግራ ክንዳቸው ላይ ከአንጓ እስከ ክርን የሚደርስ ጠባሳ ነበር። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «የፈላ ውሃ ነው» ይሉ ነበር። የፈላ ውሃ ግን አልነበረም። በሌላ መቁያ ቤት ተለማማጅ ሳሉ እሳት የያዘ መኪና ከፍተው ነበር። ነበልባሉ የእርሳቸውን ክንድ ነካ፤ ከጎናቸው የቆመውን ባልንጀራቸውን ግን ፊቱን አገኘው። ባልንጀራቸው በሕይወት ተረፈ፤ ወደዚያ ሥራ ግን ከቶ አልተመለሰም። ሽማግሌውም ዓይኑን ማየት ስላፈሩ ሊጠይቁት ሳይሄዱ ዓመታት አለፉ። ሁለተኛውን ትምህርት ለልጁ ያላስተማሩትም ስለዚህ ነበር። ትምህርቱን ለማስተማር ጠባሳውን መግለጥ ያስፈልግ ነበርና።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች በደረሱ ጊዜ መርፌው መውረድ ጀምሮ ነበር። እነርሱም ቧንቧውን ከውጭ በውሃ አቀዘቀዙት፤ የገለፈቱንም ማጠራቀሚያ በጥንቃቄ ከፍተው በውስጡ ያለውን ፍም አጠፉ። ማጠራቀሚያውና ከቧንቧው ግማሹ ተቃጥለው ነበር። በርሜሉ ግን ደኅና ነበር፤ ጣራውም አልተነካም። ሰውም አልተጎዳም። በሩ የተከፈተው መኪናው ፈጽሞ በበረደ ጊዜ ነው፤ ያለ ጊዜው ቢከፈት የተዳፈነው ፍም በአዲስ አየር ነፍስ ይዘራ ነበርና። ከውስጡም ከሰል ወጣ።

በማግስቱ የቤቱ ባለቤት መጡ። ባለቤቲቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ፥ ቁጥብ ሴት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። የተቃጠለውን ቧንቧ አዩ፤ የበዓሉ ትእዛዝ እንደ ቀረ ሰሙ። ዘበኛው አስቀድሞ «ልጁ ብቻውን ሲቆላ ነው የነደደው» ብሎ ነግሯቸው ነበርና ልጁን አስጠሩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እርሱ የተማረውን እንዳደረገ ያውቃል፤ ሽማግሌውን አሳልፎ መስጠት ግን አልሆነለትም። ዝም አለ።

ሽማግሌው ከኋላ ሆነው ይሰሙ ነበር። ዝም ቢሉ ነገሩ በልጁ ላይ ያልቅ ነበር። ልጁ ድኻ ነው፤ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ከወር በኋላም የሚያስታውሰው አይኖርም። እርሳቸው ግን በእርጅናቸው ከዚህ ቤት ከወጡ የሚቀበላቸው የለም። ይህን ሁሉ አሰቡ። ከዚያም ወደ ፊት ወጡ።

«እትዬ፥ ልጁን አይቆጡት» አሉ። «ማጠራቀሚያው ይራገፍ ብሎ ማክሰኞም ረቡዕም ጠይቆኛል፤ ነገ ያልሁት እኔ ነኝ። እጁን ወደ በሩ የሰደደውም እኔ በሩ ያድንሃል ብዬ ስላስተማርሁት ነው። ትምህርቱን እኩል ሰጥቼ እኩሉን ደብቄዋለሁ።» ይህንም ብለው የግራ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ጠባሳውን አሳዩ፤ የባልንጀራቸውንም ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

ባለቤቲቱ ለብዙ ጊዜ አልተናገሩም። በመጨረሻም «የቧንቧውን ዋጋ ግማሹን በየወሩ ከደመወዝዎ እየቀነስሁ እይዛለሁ። ልጁ ሥራው ላይ ይቆያል። እርስዎም ይቆያሉ። አሁን ይህ ነገር ሁለተኛ እንዳይመጣ ምን እንደሚደረግ ይንገሩኝ» አሉ።

ሽማግሌውም ቅጣቱን በምስጋና ተቀበሉ፤ ደግሞ ቀላል ሆኖ አገኙት።

ከዚያ በኋላ በዚያ መቁያ ቤት ሥርዓት ተሠራ። ማጠራቀሚያው ማታ ማታ፥ የቀኑ ሥራ ሲያልቅ፥ መኪናው በርዶ ይራገፋል፤ ገለፈቱም ፍም እንዳይኖርበት ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ወደ ውጭ ይወጣል። ቧንቧው በታወቀ ቀን ይፋቃል፤ የተፋቀበትም ቀን በመዝገብ ይጻፋል። ቡና በበርሜሉ ውስጥ ሳለ የሚቆላው ሰው ከስፍራው አይለይም። እያንዳንዱ መኪና የራሱ ጠባይ አለውና ከፋብሪካው ጋር የመጣው መጽሐፍ ተፈልጎ ተነበበ፤ የሚያስፈልገውም ቃል በአማርኛ ተጽፎ በግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ከእርሱ በላይ ልጁ በራሱ እጅ፥ በትልልቅ ፊደል፥ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤

መብራት ጠፍቶ እሳት ካልተነሣ፤ ጋዙን ዝጋ፥ በሩን ክፈት።
እሳት ከተነሣ፤ ጋዙን ዝጋ፥ አየሩን ዝጋ፥ በሩን አትክፈት።

በየሰኞው ጧት መኪናው ሳይለኮስ ሁለቱን ትምህርት ይለማመዱታል። አንዱ በድንገት «መብራት!» ወይም «እሳት!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደሚገባው ስፍራ ይሰድዳል። በክፉ ቀን ልብ ይደነግጣልና እጅ ያለ ልብ መሥራትን መማር አለበት።

በዚያው ዓመት ሽማግሌው አንድ እሑድ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፥ ሁለት ኪሎ የተቆላ ቡና ይዘው፥ በከተማው ዳር ወደሚኖር አንድ ሰው ቤት ሄዱ። በሩን የከፈተላቸው ሰው ፊቱ በአንድ ወገን የተጨማደደ፥ እንደ እርሳቸው ያረጀ ሰው ነበር። ምን እንደ ተነጋገሩ አልተሰማም። ሲመለሱ ግን ቡናው በእጃቸው አልነበረም፤ መሽቶም ነበር።

ወደዚያ መቁያ ቤት አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ ሽማግሌው ትምህርታቸውን ከመኪናው አይጀምሩም። አስቀድመው የግራ እጅጌያቸውን ጠቅለል አድርገው ጠባሳውን ያሳዩታል፤ እንዴት እንዳገኙትም ሳይደብቁ ይነግሩታል። ከዚህ በኋላ ወደ መኪናው ጀርባ ይወስዱትና የገለፈቱን ማጠራቀሚያ ከፍተው ባዶ መሆኑን በእጁ ዳስሶ እንዲያውቅ ያደርጉታል።